ግጥም እንድታነቡ ስትጠሩ ዋጋ ትጠይቃላችሁ?

ይህን ጥያቄ በዚህ የኢንተርኔት መወያያ የጣልኩት እኔ ነኝ። ባለፈው ሐሙስ ማታ ነበር። እስከ ዛሬ ድረስ 38 መልስ መጣ። ብዙ ሰው መሀል ላይ ስለገባ የውይይቱ ክር ጠፍቶበታል። አንዳንዱም የመሀሉን ጭቅጭቅ ብቻ አይቶ ተቆጥቶ ወጥቷል። ያሳዝናል፤ ከላይም ከታችም ያሉት መልሶች ቁም ነገር አላቸው። ስለዚህ የተባለውን ሁሉ በራሴ አነጋገር ልተርክ። የማንንም ስም አልጠራም፤ መልሶቹን በተራ ቁጥራቸው ነው የምጠራው።

መጀመሪያ የጠየቅኩትን ላስታውስ። ቀን ቀን ማተሚያ ቤት አራሚ ነኝ። ማታ ማታ ግጥም እጽፋለሁ። 11 ዓመት ሆነኝ። በ2014 አንድ መድበል አሳትሜያለሁ። ባለፈው ወር አንድ ትልቅ ድርጅት ለዓመታዊ በዓሉ ጠራኝ። ስለ ድርጅቱ አዲስ ግጥም ጽፌ እንዳነብ ነበር የፈለጉት። ሁለት ሳምንት ሠራሁበት። በዕለቱ ለአዳራሹ፣ ለድምፅ ማጉያው፣ ለአበባው፣ ለምሳው፣ ለካሜራ ባለሙያው ተከፍሏል። እኔ ሳነብ ከኋላዬ ክራር የመታው ልጅም ተከፍሎታል። ለእኔ የምስጋና ወረቀት ተሰጠኝ። ወረቀቱን በብብቴ ይዤ በኪሴ ገንዘብ ታክሲ ከፍዬ ቤቴ ገባሁ።

ጠይቄ ተከልክዬ አይደለም። አልጠየቅኩም። አፌ አልታዘዘልኝም። አሁን ሌላ ግብዣ መጥቷል። ስለዚህ እናንተስ ምን ታደርጋላችሁ ብዬ ጠየቅኩ።

ቁጥር 1 ብዙ ዓመት መድረክ ላይ የቆዩ ገጣሚ ናቸው። በጣም በትህትና ነው የጻፉት። ጥያቄው በአደባባይ መነሳቱ እንዳስደሰታቸው ገልጸው ጀመሩ። እሳቸው ከ20 ዓመት በላይ አንብበዋል። የተከፈላቸው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። ሦስቱንም ቀን ከነቦታው ያስታውሳሉ። ይህን ሳነብ አንገቴን ደፋሁ። ሰው የተከፈለበትን ቀን እንደ ልደቱ ቀን ቆጥሮ ካስታወሰ፣ ምን ያህል ቢጠማው ነው?

ቁጥር 2 አጭር ነው፤ በሦስት መስመር ያልቃል። ግጥም ጸጋ መሆኑን፣ ጸጋ ደግሞ እንደማይሸጥ፣ ዋጋ የቆረጠ ገጣሚ ለዛው እንደሚጠፋ የሚናገር ነው። 14 ሰው ወደደለት።

ሦስተኛው ግን ረዥም ነው፣ ደጋግሜም አነበብኩት። ጸሐፊው ባህር ዳር የሚኖር አስተማሪ ነው። በልጅነቱ ዋሸራ ቅኔ ተምሯል። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ ይዞ፣ በየደጁ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ቁራሽ ለምኖ ነው የተማረው። ሁለት መስመር ካላት ቅኔ፣ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ስምንት መስመር እስካለው መወድስ ሲደርስ ማንም ሰባራ ሳንቲም አልሰጠውም። ቅኔ አንድ ጊዜ ይባላል፣ ያልፋል። ትናንት የተባለውን ቅኔ ዛሬ መድገም ነውር ነው። እንዲህ ባለ ቤት ላደገ ሰው ለአንድ ንባብ ይህን ያህል ብር ማለት ከባድ ነው። ገንዘብ የሚቀበሉትን አልነቀፈም። ለምን እንደሚከብደው ብቻ ነው ያስረዳው። እኔ ቅኔ ቤት አልገባሁም። አፌን የያዘው ነገር ግን ከዚያው ቤት የመጣ መሆኑ ገባኝ።

ወዲያው ቁጥር 4 መጣ። ከጎንደር የጻፉ አዛውንት ናቸው። አባታቸው መሪጌታ ነበሩ። እሳቸው የቁጥር 3ን ትዝታ አክብረው አንድ ነገር አረሙ። የአባታቸው ቅኔ በነፃ አልነበረም። ለአገልግሎታቸው የሰሞን መሬት ነበራቸው። ቤተሰቡ የሚበላው ከዚያ ነበር። በ1967 የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ያ መሬት ቀረ። ከዚያ በኋላ ወንድሞቻቸው ከቅኔ ቤት ወጥተው ወደ ሌላ ሥራ ተበተኑ። ተማሪው የለመነው ቁራሽም ቢሆን ዝም ብሎ ምጽዋት እንዳልሆነ ጨመሩ። መንደሩ ቅኔ ቤቱን እየቀለበ ነው ያቆየው። አዝማሪውም ግንባሩ ላይ ብር ይለጠፍለታል። ሙሾ አውራጇም ለቅሶ ቤት ተጠርታ ስታስለቅስ ውላ ባዶ እጇን አትሸኝም። የእኛ አገር ባለ ቃል ሰው ሳይከፈለው የኖረበት ዘመን እንደሌለ፣ መልኩ ብቻ እንደሚለያይ ነው የጻፉት።

ከ38ቱ መልስ ለእኔ ትልቁ ይህ ነው። የጠየቅኩት የብር ጥያቄ ነበር፤ እሳቸው የማን ጎተራ ማንን ይቀልባል የሚል ጥያቄ አደረጉት። ቁጥር 3ም ተመልሶ አመሰገናቸው። የሰሞን መሬቱን ነገር ከዚህ በፊት በዚህ በኩል አስቦት እንደማያውቅ ተናገረ። እንዲህ ያለ ጨዋነት በኢንተርኔት ላይ ሲታይ ደስ ይላል።

ቁጥር 5 ወደ ታላላቆቹ ወሰደን። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ቴአትር ቤት ይመሩ ነበር። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሠዓሊ ነበር፣ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር። መንግሥቱ ለማም ደበበ ሰይፉም ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። ሰሎሞን ደሬሳ ጋዜጠኛ ነበር። ከበደ ሚካኤል የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ። ከግጥም ብቻ እንጀራ የበላ ስም እንድንጠራለት ለመነን። ማንም አልጠራም። ይህን ያነሳው ተስፋ ሊያስቆርጥ አይደለም። ቀን ሌላ ሥራ መሥራት የገጣሚ ውድቀት እንዳልሆነ ሊያሳየኝ ነው። ለእኔ ለአራሚዋ ይህ ጠቅሞኛል። አንድ ነገር ግን ሳይነካው አለፈ። እነዚያ ሰዎች የቀን ሥራቸው ራሱ ከቃልና ከጥበብ ጋር ነበር። ደግሞም በዘመናቸው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሽልማት ድርጅት ነበር፤ ከበደ ሚካኤልም ጸጋዬም ገብረ ክርስቶስም ተሸልመውበታል። ከአብዮቱ በኋላ ቀረ።

ቁጥር 6 መንገዱን ቀየረ። መድረክ ማለት ማስታወቂያ ነው የሚል ነው። ሰው ሲያነቡ ያይና መጽሐፉን ይገዛል። ስለዚህ ገንዘቡ ከመጽሐፉ እንዲመጣ መጠበቅ እንጂ ከጋባዡ መጠየቅ እንደማያስፈልግ መከረኝ። በቅን ልብ ነው የመከረው። ቁጥር 7ን እኔው ጻፍኩና ሒሳቤን ገልጬ አሳየሁት። እዚህም ልድገመው፤ እንዲህ ያለውን ሒሳብ ገጣሚዎች ተደብቀን ነው የምንሠራው።

መጽሐፌ 96 ገጽ ነው። 1,000 ቅጂ አሳተምኩ። ማተሚያ ቤቱ 62,000 ብር ተቀበለኝ። ግማሹን ከዕቁብ፣ ግማሹን ከእህቴ ተበደርኩ። የሽፋን ዋጋው 150 ብር ነው። አከፋፋዩ ከመቶ 40 ይወስዳል። ለእኔ 90 ብር ይደርሰኛል። በሁለት ዓመት በአከፋፋዩ በኩል የተሸጠው 340 ነው። ይህ 30,600 ብር ሆነ። በምርቃቱ ዕለትና እጅ በእጅ 180 ሸጥኩ። ይህ 27,000 ብር ነው። ድምሩ 57,600። ከወጪዬ 4,400 ብር ይጎድላል። የምርቃቱን አዳራሽ ኪራይ አልቆጠርኩም። ለወዳጅና ለዘመድ 110 ሰጥቻለሁ። 370 መጽሐፍ አልጋዬ ስር አለ። እስካሁን ያነበብኩባቸው መድረኮች ደግሞ ከ40 ይበልጣሉ። ማስታወቂያው ከሠራ ይኸው ውጤቱ።

ቁጥር 6 መልሶ ይቅርታ ጠየቀኝ። ይቅርታ የሚያስጠይቅ ነገር አልነበረውም። ሒሳቡን ስለማናወራው ነው የማይታወቀው።

ቁጥር 8 መጽሐፍ አዟሪ ነው። በክንዱ ላይ 20 እና 30 መጽሐፍ ደርድሮ ከብሔራዊ ቴአትር እስከ ለገሃር፣ ከዚያም አራት ኪሎ ድረስ በየካፌው ይዞራል። የሱ መልስ ያላሰብኩትን ነገረኝ። አከፋፋዮች ግጥም አይሸጥም ይላሉ። እሱ ጋ ግን ይሸጣል። የሚገዙት በአብዛኛው ወጣቶች ናቸው፣ ለስጦታ። ገዢው መጽሐፉን ገለጥ ያደርግና አንድ ግጥም ቆሞ ያነባል። ከወደደ ይወስዳል። ለዚህ ነው አዟሪው ከየመጽሐፉ አጭርና ጥሩ ግጥም ያለበትን ገጽ አስቀድሞ አጥፎ የሚይዘው። እጄን በአፌ ጫንኩ። 11 ዓመት ስጽፍ ገጽ አጥፎ የሚይዝልን ሰው መኖሩን አላውቅም ነበር። የወረቀት ዋጋንም አነሳ። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ አዳዲስ መጽሐፍ በውድ ስለሚመጣ ደንበኛው ዋጋ ጠይቆ የሚመልሰው በዝቷል። እኔም ማተሚያ ቤት ስለምውል ይህን በዓይኔ አያለሁ። ደራሲው የዋጋ ማቅረቢያውን ሲቀበል ፊቱ ሲለወጥ አያለሁ።

ከቁጥር 9 ጀምሮ አየሩ ተቀየረ። ቁጥር 9 የኪነ ጥበብ ምሽት አዘጋጅ ነው። ተናዶ ነበር የጻፈው። አዳራሽ እንደሚከራይ፣ ድምፅ ማጉያ እንደሚከራይ፣ ፖስተር እንደሚያሳትም፣ ስፖንሰር ቃል ገብቶ እንደሚጠፋ ዘረዘረ። ብዙ ጊዜ ከራሱ ኪስ ጨምሮ ነው የሚወጣው። ገጣሚው ሁሉ ዋጋ ከጠየቀ መድረኩ ይዘጋል፣ ከዚያ ለማን እንደምናነብ ያሳየናል። ገጣሚዎች ውለታ አናውቅም የሚል ነገርም አለበት። እዚያ ላይ ከረር ብሏል።

ቁጥር 10 በዚያው ልክ መለሰ። አዘጋጁ ከጠቀሳቸው ሰዎች ውስጥ ለየትኛው ለነገ ይቆየኝ ብሎ እንደሚያውቅ ጠየቀው። ለአዳራሹ? ለድምፅ ባለሙያው? ለጊታሪስቱ? ሁሉም ይከፈላቸዋል። ሰው መግቢያ ከፍሎ የሚመጣው ግን ግጥም ሊሰማ ነው። 11ኛው ወደ ስድብ ሄደ፣ ተሰርዟል። 12ኛው ስድቡን ሲመልስ እሱም ተሰረዘ።

ስለ አዘጋጁ አንድ ነገር ልበል። የተናገረው ኪሳራ እውነት ነው። አዘጋጅ ሆነው የተጎዱ ሰዎች አውቃለሁ። ራስ ሆቴል በየወሩ ረቡዕ ማታ ይካሄድ የነበረውን ግጥም በጃዝ ያየ ሰው እንዲህ ያለ ምሽት ምን ያህል ላብ እንደሚጠይቅ ያውቃል። አዳራሹ ጢም ብሎ ሰው ቆሞ ሲያዳምጥ አይቻለሁ። ግጥም ሰው ይሰበስባል የሚለውን እምነቴን ያገኘሁት እዚያ ነው። ስለዚህ አዘጋጆችን ጠላት ማድረግ አልፈልግም። ግን የቁጥር 10 ጥያቄ እስካሁን መልስ አላገኘም።

መልስ ሊሆን የሚችለው ከቁጥር 14 መጣ። ጊታሪስት ነው። ከብዙ ገጣሚዎች ኋላ ተጫውቷል። እሱ የሚከፈለው ከገጣሚው በልጦ አይደለም። ስልክ ሲደወልለት ጊታሩን ከግድግዳ ሳያወርድ ዋጋውን ስለሚናገር ነው። ሙዚቀኞች ይህን ከታላላቆቻቸው ተምረዋል። አዲስ ልጅ ባንድ ሲገባ በመጀመሪያው ሳምንት ይነገረዋል። አንድ ምሽት ከእሱ ጋር የሠራ ገጣሚ ወደ ቤቱ መሄጃ አጥቶ ከራሱ ክፍያ 200 ብር እንዳካፈለው ጻፈ። ያን ቀን ያፈረው እሱ እንደነበረም ነገረን።

ለእኛ በመጀመሪያው ሳምንት ማን ነገረን? እኔን ማንም አልነገረኝም። እኔም ከእኔ በኋላ ለመጡት አልነገርኩም።

ከ15 እስከ 21 ያለው ከጥያቄው ወጥቷል። አንዱ ድንገት ገብቶ የዛሬ ግጥም ግጥም ስላልሆነ ክፍያ አያሻውም የሚል ነገር ወረወረ። ቤት አይመታም፣ ምጣኔ የለውም። ስድስት ስድስት ቀለም እየረገጠ በ12 የሚዘልቀውን ወል ቤት፣ አምስት አምስት የሚሄደውን ሰንጎ መገን የሚያውቅ ወጣት እንደሌለ ደመደመ። ሌላው ተነስቶ የሰሎሞን ደሬሳ ልጅነት በ1963 መታተሙን አስታወሰው። ቤት የማፍረሱ ነገር ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል፣ የትናንት ልጆች ፈጠራ አይደለም። ሦስተኛው ደግሞ ሁለቱንም ገሠጸ። ከዚያ ማን ምን እንዳለ ለመከታተል አስቸጋሪ ሆነ። አንዲት ተማሪ ብቻ ጥሩ ነገር አለች። የራሷን ሁለት ግጥም፣ አንዱን በወል ቤት፣ አንዱን በነፃ፣ ለክፍል ጓደኞቿ አንብባ ነበር። የወል ቤቱን በቃላቸው ያዙት። ስለ ነፃው ግን እስከ ማታ ተከራከሩ። እሷ ሁለቱንም ትፈልጋለች። እኔም እንደሷ ነኝ።

በቁጥር 22 አድሚኑ ገባ። ወደ ጥያቄው እንድንመለስ በትህትና ጠየቀ፣ የሚሳደብ እንደሚወጣም አስጠነቀቀ። በጊዜው ነው።

ቁጥር 23 የእኔ ነው። ስለ ቴሌግራም አነሳሁ፤ ከክፍያው ጋር ስለሚገናኝ ነው። ስለ እናቴ መቀነት የጻፍኩት ግጥም አለ። ከመጽሐፌ ገጽ 41 ላይ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ብዙ ተከታይ ያለው ቻናል ላይ አገኘሁት። ስሜ የለም። ሁለት ስንኝ ተቀይሯል። በሴት ድምፅ ተነቦ፣ ዋሽንት ገብቶበት ደግሞ በሌላ ቻናል ሰማሁት። ንባቡ ያምር ነበር። ያ ነው የባሰው፤ መናደድም መደሰትም አቃተኝ።

በቁጥር 24 የሕግ ባለሙያ መለሱልኝ። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲ ሁለት ዓይነት መብት ይሰጣል። አንዱ የኢኮኖሚ መብት ነው። ሥራው ሲባዛ፣ በሕዝብ ፊት ሲቀርብ ፈቃዱ መጠየቅ አለበት። ሌላው የሞራል መብት ነው። ስሙ እንዲጠራ፣ ሥራው እንዳይዛባ መጠየቅ ይችላል። የኢኮኖሚ መብቱ ደራሲው ከሞተም በኋላ ለወራሾቹ 50 ዓመት ይቆያል። በ2007 በወጣው ማሻሻያ፣ በአዋጅ ቁጥር 872፣ ባለመብቶች ተሰባስበው ሮያሊቲ እንዲሰበስቡ መንገድ ተከፍቷል። ሙዚቀኞች ቀድመው ተንቀሳቅሰዋል። ገጣሚዎች የት እንዳለን ጠየቁን። በ1952 የተመሠረተ የደራስያን ማህበር ያለው አገር ይህን ጥያቄ ለራሱ ማቅረብ እንዳለበት ነው የሚያምኑት። ጠበቃ መያዝ ባልችልም ለቻናሉ ባለቤት አንቀጹን ጠቅሼ እንድጽፍለት መከሩኝ። ጻፍኩ። ስሜን አስገባ። ሁለቱን ስንኝም አስተካከለ። ገንዘብ አልጠየቅኩም፣ ስሜ ግን ተመልሷል።

ቁጥር 25 ፒያሳ ስለነበረች ትንሽ ካፌ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ወጣቶች ማይክ ሳይኖር ያነቡባት ነበር። የካፌዋ እናት የሚያነብ ሰው ካለ ቡና አያስከፍሉም ነበር። በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ ካፌዋም ፈረሰች። ልጆቹ አሁን በድምፅ መልእክት ነው የሚነባበቡት። በውይይቱ ውስጥ የዚህ ወሬ ቦታው እዚህ አይደለም የሚሉ ነበሩ። እኔ ቦታው እዚህ ነው እላለሁ። ያቺ ቡና ክፍያ ነበረች። 26ኛው የዚያች ካፌ ደንበኛ ነበርኩ ብሎ ብቻ አለፈ።

ቁጥር 27ን ወንዶች ሁሉ ቢያነቡት ደስ ይለኛል። የጻፈችው ሴት ገጣሚ ናት። ዝግጅት 11 ሰዓት ተብሎ 1 ሰዓት ይጀመራል። ሴት ገጣሚ ማሳረጊያ ትሆናለች ተብሎ መጨረሻ ላይ ትቀመጣለች። ስታነብ 3 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ከዚያ ከቦሌ አያት፣ ከአራት ኪሎ ዓለም ባንክ ሰፈር እንዴት እንደምትገባ የሚጠይቅ የለም። የታክሲው ሒሳብ አንዳንዴ የሁለት ቀን ምሳዋ ነው። ባለፈው ዓመት ስድስት ግብዣ እምቢ ብላለች። ምክንያቱን ለማንም አልተናገረችም። ሰው ኩራት ነው አለ። እሷ የምትጠይቀው ክፍያ እንኳ አይደለም፤ ቀድማ እንድታነብና የመሄጃዋ እንዲታሰብ ነው። አዘጋጁ ቁጥር 9 እዚህ ላይ ተመልሶ መጣ። ከእንግዲህ የሴቶችን ንባብ ወደ ፊት እንደሚያመጣና የመሄጃቸውን እንደሚችል ጻፈ። ከዚያ ሁሉ ቁጣ በኋላ ይህን መጻፉ ቀላል ነገር አይደለም። አመሰገንኩት።

በቁጥር 29 ከለንደን አንድ ወንድማችን ጻፈ። በ2012 እ.ኤ.አ. ከኦሎምፒኩ ጋር ተያይዞ ለንደን ላይ ትልቅ የዓለም ገጣሚዎች ጉባኤ ነበር። በእውቀቱ ስዩም ኢትዮጵያን ወክሎ ሲያነብ እሱ አዳራሹ ውስጥ ነበር። በ2020 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዓለሙ ተበጀና ክሪስ ቤኬት ያዘጋጁት የአማርኛ ግጥሞች የእንግሊዝኛ መድበል ወጥቷል። እዚያ አገር ገጣሚ አነበበ ሲባል ክፍያውን ማንሳት ነውር የለውም፤ ገና በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ ይጻፋል። መጽሐፉን ሰው ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በተዋሰ ቁጥርም ለደራሲው ጥቂት ሳንቲም ይታሰብለታል። ያም ሆኖ እዚያም አብዛኛው ገጣሚ አስተማሪ ነው። ቁጥር 30 ከዋሽንግተን ዲሲ ሆኖ የአበሻ መድረክ እዚያም ያው መሆኑን ነገረን። ሰው ትኬት ይገዛል፣ ሬስቶራንቱ ይሸጣል፣ ገጣሚው ክትፎ ይጋበዛል። አገር ቢቀየርም ልማዱ ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ተሻግሯል።

31 እና 32 ስለ ክትፎው ነው፤ አልፈዋለሁ።

ቁጥር 33 ለእጄ የሚሆን ነገር ሰጠኝ። ዕድሜያቸው ከ50 ያለፈ ገጣሚ ናቸው። ስልክ ሲደወልላቸው መጀመሪያ ሦስት ነገር ይጠይቃሉ። ለስንት ደቂቃ እንደሆነ፣ ያለው ግጥም ይነበብ ወይስ አዲስ ይጻፍ፣ መግቢያ የሚከፈልበት መሆን አለመሆኑን። ከዚያ ዋጋቸውን ይናገሩና ዝም ይላሉ። ከሁሉም የሚከብደው ዝምታው ነው። ብዙዎቻችን ዋጋ ከተናገርን በኋላ ፈርተን ራሳችን እንቀንሳለን። እሳቸውም ለዓመታት እንዲህ ያደርጉ ነበር። ለትምህርት ቤት፣ ለማረሚያ ቤት፣ ለጓደኛ መጽሐፍ ምርቃት በነፃ ያነባሉ፤ ይህንንም አስቀድመው ይናገራሉ። በነፃ ሲያነቡ በነፃ መሆኑ እንዲታወቅ ይፈልጋሉ። ቁጥር 2 እዚህ ላይ ተመልሶ ጸጋ የሚለውን ደገመ። እሳቸው አልተቆጡም። ጸጋውን እንደማይሸጡ፣ የሚያስከፍሉት ለጉልበታቸውና ለሰዓታቸው መሆኑን በእርጋታ አስረዱት። እሱም አልተስማማም። እዚያው ተለያዩ።

ቅዳሜ ጠዋት በምክራቸው መሠረት ለሁለተኛው ጋባዥ ደወልኩ። ሦስቱን ጠየቅኩ። 3,000 ብርና መሄጃ አልኩ። ከዚያ ዝም አልኩ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሰውዬው አለቃውን ጠይቆ እንደሚደውል ነግሮኝ ዘጋ። 9 ሰዓት ላይ ደወለ። 2,500 ብርና መሄጃ ሆነ። ሁለት ግጥም፣ 12 ደቂቃ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ሳያልፍ። ይህን በቁጥር 34 ጻፍኩት። ብዙ ሰው ደስ አለው። ቁጥር 1 ያሉት ታላቃችን አራተኛ ቀናቸውን አሁን እንደሚጠብቁ ጻፉ።

ቁጥር 35 ከሪያድ ናት። ቤት ሠራተኛ ናት። የቤቱ ሰው ከተኛ በኋላ ነው የምትጽፈው። ቁጥር 23ን አንብባ ደንግጣለች። የመቀነቱን ግጥም በዋሽንት ያነበበችው እሷ ናት። ከቻናል ላይ አግኝታ፣ የማን እንደሆነ ሳታውቅ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብታ በስልኳ ቀዳችው። ዋሽንቱን ሌላ ሰው ጨመረበት። አርብ አርብ ለጓደኞቿ በቡድን ጥሪ ታነብላቸዋለች። አብረዋት የሚያለቅሱ አሉ። ይቅርታ ጠየቀች። ከዚያ መጽሐፉን መግዛት እንደምትፈልግ ጻፈች። እሷ ጋ መላክ ስለሚከብድ ኮምቦልቻ ላሉት እናቷ እንዲደርስላት ለመነች። ገንዘቡን አገር ቤት ያለች እህቷ በቴሌብር ላከችልኝ። 150 ብር ነው ብያት ነበር፤ የላከችው 500 ነው። ትርፉ ለንባቡ እንደሆነ ጻፈች፣ ስላነበበችው።

36ኛውና 37ኛው መጽሐፉ የት እንደሚገኝ የሚጠይቁ ናቸው። አዟሪው ቁጥር 8 አምስት ቅጂ ከእኔ ወስዷል። ገጽ 41ን አጥፎታል።

ቁጥር 38 ዛሬ ጠዋት ገባ። እሷው ናት። መጽሐፉን ማክሰኞ ይደርሳል ብያት ነበር፤ ትናንት ማታ ደርሷል። እናቷ ማንበብ አይችሉም። ታናሽ ወንድሟ በስልክ እያነበበላት ሳለ እናትየው ከጎን ሆነው መቀነት የሚለው ቦታ ላይ አስቁመውታል። እንደገና እንዲያነብላቸው።